በቃለ ጉባኤው ያልሰፈረች እጅ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሐናን ስልኳን ይዛ መጥታ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለችና «አክስቴ፣ የዚያን አንዳንዴ የምታነሺውን የሆላንድ ሰውዬ ስም እስቲ ፊደል በፊደል ንገሪኝ» አለችኝ። ጉልበቴን አሞኝ ከቤት ካልወጣሁ ቀናት ስለሆኑ ልጅቷ ልታጫውተኝ ፈልጋ ነው። ስሙን ነገርኳት። ሚስተር ሩሎፍ ነበር የምንለው። የአባቱ ስም ረጅም ስለሆነ ሦስቴ ተሳስተን በአራተኛው ተገኘ። ፎቶው ስልኩ ላይ ብቅ ሲል ደነገጥኩ። ያ ትልቅ ጆሮ፣ ወደፊት ያዘነበለው አንገት፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ሊጠይቅ የተዘጋጀ የሚመስለው አፍ፣ ሁሉም እንደነበረ ነው።

ሐናን ስልኩ የተረጎመላትን ታነብልኝ ጀመር። ከባሕር ወለል በታች በሆነ አንድ ዝቅተኛ አገር ተወለደ። ሕግ ተማረ። በወጣትነቱ የሊበራሎቹን ፓርቲ ወክሎ ፓርላማ ገባ። ሚኒስትር ሆነ። በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ። በምርጫ ወደቀ። እንደገና ተመረጠ። በስተርጅና የአንዲት ትንሽ ከተማ ከንቲባ ሆነ። ዘጠና ዓመት አልፎት አረፈ። የሰው ዘመን እንዲህ ሃያ መስመር ላይ ሲደረደር የአስቤዛ ዝርዝር ይመስላል። «ስለ እኛስ?» አልኳት። ጣቷን ወደላይ ወደታች ስታመላልስ ቆየችና «ስለ ኢትዮጵያ ምንም የለም አክስቴ» አለችኝ።

ቅር አለኝ። እኔ ያንን ሰው የማውቀው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያች ቀን በኋላ ግን ሰውን የማይበት ዓይን ተለውጧል። ያቺ ቀን ከሃያው መስመር ውስጥ አለመኖሯ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በከፊል የእኔ ጥፋት ነው። እንዴት እንደሆነ ልናገር።

ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ ነው። ቺሮን ያኔ አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር፤ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አባቴ ከስልጤ አገር ጨርቅ ተሸክሞ መጥቶ እዚያው ሱቅ ከፍቶ የቀረ ሰው ነው። እቤት ስልጥኛ፣ ሱቁ ባንኮኒ ላይ ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ እያልኩ አደግኩ። እንግሊዝኛውን ደግሞ ከአንድ ክፉ ሕንዳዊ አስተማሪ በኩርኩም ተማርኩት። ስለዚህ ከተማው ውስጥ ፈረንጅ በታየ ቁጥር «ሙኒራ ትጠራ» ይባላል። ደሞዝ የለውም፤ የምሳ ግብዣ ግን አለው። ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ ቆሜ ሳለሁ የመኪና ጥሩምባ ከሰማሁ ተማሪዎቼ ደብተራቸውን መክደን ይጀምራሉ።

በዚያ ኅዳር የተጠራሁት ለጉድጓድ ነበር። አንድ የውጭ እርዳታ ድርጅት ከመሰላ ከተማ ወዲያ ባለች አዲስ መንደር የውኃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር ነው። መንደሯ በመንደር ምስረታ ጊዜ ከየተራራው ሰው ተሰብስቦ የተመሠረተች ናት። ቤቶቹ በመስመር ተሰልፈዋል፤ የመሰብሰቢያ አዳራሽ አለ፤ ባንዲራ መስቀያ አለ፤ ውኃ ግን የለም። ሴቶቹ ወደ ድሮው ምንጫቸው ለመድረስ ግማሽ ቀን ይሄዱ ነበር። ለጉድጓዱ ገንዘብ የሚሰጠው የሆላንድ ፓርላማ ስለሆነ ከአባላቱ አንዱ ቦታውን ሊያይ መጣ። ሰውዬው አንድ ሁኔታ አስቀምጧል፦ ጉድጓዱ የት እንደሚቆፈር ሕዝቡ ራሱ ስብሰባ ተቀምጦ ይወስን፣ እኔም ተቀምጬ ልይ።

ይህ ለእኛ ከባድ ነገር አልነበረም፤ ስብሰባ እንደሆነ እናውቅበታለን። ካድሬው ጓድ በላቸው ጠዋት መኪናው ውስጥ ገና ሳልቀመጥ «ምንም አታስቢ፤ ትናንት ወርጄ አለማምጃቸዋለሁ። ማን እንደሚናገር፣ መቼ እንደሚጨበጨብ፣ ሁሉም ያውቃል» አለኝ። ቦታውም ተመርጧል፤ አዳራሹ ፊት ለፊት፣ ባንዲራው አጠገብ፣ ከመንገድ የሚታይ። ጓድ በላቸውን ክፉ ሰው ነበር ብዬ አልጽፍም። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ከበላዮቹ የሚመጣ ስልክ ሲጮህ ተነስቶ የሚቆም ሰው ነበር። የድጋፍ ድምፁ ሙሉ እንዲሆን የፈለገውም እንግዳውን ለማስከፋት አልነበረም። በእኛ ቤት ሙሉ ድምፅ ለእንግዳ የሚቀርብ መስተንግዶ ነው። አንዲት እጅ ብትጎድል ቤታችንን ሳንጠርግ እንግዳ ያስገባን ያህል ያሳፍረን ነበር።

ሚስተር ሩሎፍ ከሆቴሉ በር ላይ ጎንበስ ብሎ ወጣ፤ ጎንበስ ብሎ መኪና ገባ፤ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ። ስልሳ ዓመት ይሆነዋል። አንቱ ልለው ይገባኝ ይሆናል፤ በእንግሊዝኛ ስናወራ አንተና አንቱ ስለሌለ በልቤ ውስጥ እሱ ሆኖ ቀርቷል። ከከተማው ወጥተን ኮረኮንቹን መውጣት እንደጀመርን ጥያቄ ማዝነብ ጀመረ። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ራሱን ደፍቷል፤ እርሻው መሀል በእንጨት በተሠራ ማማ ላይ ቆመው በወንጭፍ ወፍ የሚያባርሩ ሰዎች ይታያሉ። ማማው የማን ነው? ድንጋዩ ጎረቤት እርሻ ላይ ቢወድቅ ማን ይዳኛል? የወፍ ጠባቂ ተራ እንዴት ይወጣል? በሕይወቴ ሙሉ ያየሁትን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰብኩበት ያን ዕለት ነው።

መሰላ ገበያ ላይ ቆመን ሸንኮራ ገዛ። በጥርሱ ሲልጥ አገጩ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ሰዉ ከቦ ሲስቅበት እሱም አብሮ ይስቃል። ጓድ በላቸው ደስ አላለውም። ከፊት ወንበር ዞር ብሎ «እስቲ ስንት ዓመት በሹመት እንደቆየ ጠይቂው» አለኝ።

ጠየቅኩት። ሩሎፍ ሸንኮራውን ምጥጥ አደረገና «የተሾምኩት ጥቂት ዓመት ነው። የተመረጥኩት ብዙ ጊዜ ነው። የወደቅኩትም አለ፤ እሱንም ንገሪው» አለ።

«በየትኛው ፓርቲ?»

«በሊበራሎቹ።»

ቃሉ ለትርጉም አያስቸግርም፤ እንዳለ ነው የሚሻገረው። የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው። በየሳምንቱ በምንቀመጥበት የውይይት ክበብ ውስጥ «ሊበራል» ስድብ ነበር፤ ስብሰባ የሚያረፍድ፣ የጓዱን ጥፋት አይቶ የሚያልፍ ሰው ሊበራል ተብሎ ይገመገማል። እኔም ሁለት ጊዜ ተገምግሜበታለሁ። ጓድ በላቸው በመስተዋቱ ውስጥ አየኝና ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ። ፈረንጁ ራሱን ማጋለጡን እያሰበ መሆን አለበት።

መንደሯ ስንደርስ ሕዝቡ አዳራሹ ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ሁለት መቶ ሰው ቢሆን ነው፤ ወንዶቹ በቀኝ፣ ሴቶቹ በግራ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሐጂ አህመድ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው ጠረጴዛው ጋ ቆመዋል። ሆጃ በወተት ቀረበልን፤ የቡና ገለባው ሽታ ከአዲሱ ቆርቆሮ ሽታ ጋር ተደባልቋል። እኔ በእንግዳውና በጓድ በላቸው መሀል ተቀመጥኩ። ቃለ ጉባኤውንም እንድጽፍ ታዝዣለሁ፤ አንዱን በአማርኛ ለእኛ፣ አንዱን በእንግሊዝኛ ለእሱ።

ስብሰባው እንደ ልምምዱ ሄደ። ሁለት ሰዎች ስለ ቦታው መልካምነት ተናገሩ። ከዚያ ሐጂ አህመድ «የምትደግፉ?» አሉ፤ ሁለት መቶ እጅ አንድ ላይ ወጣ። እጆቹ ሳይወርዱ «የሚቃወም? የለም። ድምፅ ተአቅቦ? የለም። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» አሉ። ጭብጨባ ሆነ። ይህችን አባባል ከልጅነቴ ጀምሮ በአንድ ትንፋሽ ስትባል ስለሰማኋት አንድ ቃል ነበር የምትመስለኝ። ለእንግዳው ተርጉሜ ሳበቃ የማመስገኛ ንግግሩን ልጽፍ ብዕሬን አዘጋጀሁ።

እሱ ግን አላጨበጨበም። «የተቃወሙት ስንት ናቸው?» አለኝ።

«የሉም።»

«ተጠይቀዋል?»

«ተጠይቀዋል።»

«ጥያቄውን ሰምቻለሁ። በጥያቄውና በመልሱ መሀል ግን ጊዜ አላየሁም» አለና ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ሊቀመንበሩን በትሕትና ጠይቂልኝ፤ እንደገና ይጠይቁና ይጠብቁ። እኔ ዛሬ ሌላ ቀጠሮ የለኝም።»

ጓድ በላቸው «ሕዝቡ አንድ ልብ ነው በይው» አለኝ። አልኩት። ሩሎፍ ሳይቆጣ፣ እንዲያውም ፊቱ ላይ ጉጉት እየታየ «በሥራ ዘመኔ ሁለት መቶ ሰው መስኮት ይከፈት አይከፈት በሚለው ላይ እንኳን ሲስማማ አላየሁም። እዚህ ከሆነ ትልቅ ነገር ነው፤ በደንብ ልየው» አለ። እያሾፈ እንዳልሆነ ገባኝ። ተቃውሞ የሌለበት ድምፅ ለዚህ ሰው ያልተቆጠረ ድምፅ ነው። እኛ የተሟላ ማዕድ ያቀረብንለት መስሎን፣ እሱ ገና ምግቡ አልመጣም ብሎ ይጠብቃል።

ሐጂ አህመድ ጓድ በላቸውን አዩ፤ ጓድ በላቸው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ሰዓት አየ። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠራርገው በኦሮምኛ፣ በዝግታ፣ «የሚቃወም ሰው አለ?» አሉና ዝም አሉ።

ስብሰባ ላይ እንዲያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ከማሽላው መሀል የወፍ ጠባቂ ጩኸት ይመጣል። አንድ ሕፃን ሲስል ተሰማ። አንዱ ሽማግሌ ጀርባውን አከከና ሰው ሁሉ ሲዞርበት እጁን ቶሎ አወረደ። እኔ እግሬን እያየሁ «ያ አላህ፣ ይህቺን ቀን በሰላም አሳልፈን» እያልኩ ነበር። ከዚያ በግራ በኩል፣ ከሴቶቹ ኋላ፣ አንዲት እጅ ወጣች። ክርኗ አልተዘረጋም፤ ሂናዋ ጥፍሯ ጫፍ ላይ ብቻ ቀርቷል።

አደ ፋጡማ ነበሩ፤ «አደ» በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ ኦቾሎኒ ይዘው ከተማ ሲመጡ አባቴ ሱቅ በረንዳ ላይ ያርፉ ስለነበር አውቃቸዋለሁ። ጓድ በላቸው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። «ለሰላምታ ነው እጇን ያነሳችው በይው» አለኝ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚፈለግብኝ። አባቴ ሱቅ አለው፤ ወንድሜ ብሔራዊ ውትድርና ላይ ነው፤ እኔ የመንግሥት ደሞዝተኛ ነኝ። «ለሰላምታ ነው» ብል የአደ ፋጡማ እጅ ትወርዳለች፣ እሳቸውም ደህና ሆነው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ቀና ስል ሩሎፍ ያቺን እጅ እያያት ነው። ከወጣትነቱ ጀምሮ እጅ ሲቆጥር የኖረ ሰው እንደሆነ ትዝ አለኝ፤ ይህንን ሰው ስለ እጅ መዋሸት አይቻልም። ድፍረት አይደለም፤ መውጫ ማጣት ነው።

«አንድ ተቃውሞ» አልኩት።

ፊቱ በራ። «ምክንያታቸውን ይንገሩን» አለ።

አደ ፋጡማ ተነሱ። ድምፃቸው መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ኋላ ግን ጠና። «ቢሻን እዚህ የለም» አሉ፤ ውኃ እዚህ የለም ማለታቸው ነው። «ባንዲራው ሥር ድንጋይ ነው፤ ቋሚውን ሲተክሉ ሦስት ቀን ነው የፈጀባቸው። ውኃው ታች ጎድጓዳው ውስጥ ነው። በድርቁ ዓመት እዚያ ሣር አልጠፋም። የመጨረሻዋ ላሜ ሌላ ቦታ አልተኛም ብላ እዚያ ነው የተኛችው፤ መሬቱ ይቀዘቅዛታል። ሠላሳ ዓመት ውኃ ተሸክሜያለሁ፤ ውኃ የት እንደሚኖር አውቃለሁ። ዝም ያልኩት የጠየቀኝ ስለሌለ ነው።»

ጓድ በላቸው ኦሮምኛ አይናገርም እንጂ ይሰማል። ብድግ አለና «አንዲት ሴት የሁለት መቶ ሰው ውሳኔ ልታስቆም ነው?» አለ። ይህንንም ተረጎምኩ። ሩሎፍ «አይደለም፤ አንድ እጅ አያሸንፍም» አለና እሱም ተነሳ። ሲቆም የቆርቆሮው ክዳን ጫፍ ጋ ደረሰ። ከዚያ ያን ሁሉ ሕዝብ ፊት ለፊት እያየ የራሱን ታሪክ ነገረን፤ እኔ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደ ኦሮምኛ እመልሳለሁ።

«የተወለድኩበት አገር ከባሕር በታች ነው» አለ። «ባሕሩ እንዳይበላን በአፈር ግድብ ነው የምንኖረው። ሚኒስትር በነበርኩ ጊዜ ጓደኞቼ በአገሬ ሰዎች እርሻ መሀል አዲስ ግድብ ይሠራ አሉ። እኔ አይሆንም አልኩ። የሚኒስትሮቹ ጉባኤ ላይ ሁሉም እጅ ለግድቡ ሆነ፤ የተቃወምኩ እኔ ብቻ ነበርኩ። ውሳኔውን መሸከም ያልቻለ ሚኒስትር መልቀቅ አለበት። ስለዚህ በዚያው ቀን ከሰዓት ቁልፌን አስረክቤ ቦርሳዬን ይዤ በባቡር ቤቴ ገባሁ።»

ሰዉ ትንፋሹን ዋጠ። በዚያ ዘመን ከሥልጣን የወረደ ሰው የት ገባ ተብሎ አይጠየቅም ነበር። ሐጂ አህመድ ሊቀመንበርነታቸውን ረስተው ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ። «ልጄ፣ ጠይቂልኝ። ከዚያ ምን አደረጉህ በይው።»

«ምንም» አለ ሩሎፍ። «በማግስቱ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ዳቦ ጋጋሪው ግድቡን የሚደግፍ ሰው ነበር። ስንት ልስጥህ አለኝ፤ ሁለት አልኩት፤ ሰጠኝ።»

«ኋላስ ማን ሆነ ትክክል? አንተ ነህ እነሱ?»

ይህንን ስተረጉምለት ሰዓቱን ከጠረጴዛው አንስቶ አገላበጠው። «እነሱ» አለ። «ከጥቂት ዓመታት በኋላ ትልቅ ማዕበል መጣ፤ ያን ሕዝብ ያዳነው ግድቡ ነው። እኔ ተሳስቼ ነበር። በሚቀጥለው ምርጫ ቆሜ ተሳስቼ ነበር አልኳቸው። አልመረጡኝም። በሌላኛው መረጡኝ።»

እዚህ ላይ እኔ ራሴ መተርጎም አቃተኝ። ቃሉ ጠፍቶኝ አይደለም። አንድ ሹም የነበረ ሰው ብቻውን ቆሞ፣ ተሸንፎ፣ በዚያ ላይ ተሳስቶ፣ ይህን ሁሉ በሕዝብ ፊት እንደ ሸንኮራ ዋጋ ሲናገር ማየት አስፈራኝ። አዎ፣ ደስታም አድናቆትም ነበረበት፤ መጀመሪያ የመጣው ግን ፍርሃት ነው፤ በጣም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወጥቶ ወደ ታች ሲያዩ እንደሚመጣው ያለ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የሚቃወም ሰው አንድም ጀግና አንድም ወንጀለኛ ይመስለኝ ነበር። ተሳስቶ በማግስቱ ዳቦ የሚገዛ ተቃዋሚ በአእምሮዬ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ሐጂ አህመድ «ምን አለ? ምን አለ?» ሲሉኝ ነው የነቃሁት። ስነግራቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አሻሹ። «ሱብሓነላህ» አሉ ቀስ ብለው፤ ከወንዶቹም ከሴቶቹም መሀል ያው ቃል ተከተለ።

ሩሎፍ ቦታው እንደተወሰነው ይሁን አለ። «እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው። የሴትዮዋ ምክንያት ቃል በቃል ይጻፍ።» ጻፍኩ። ከዚያ የኪስ ደብተሩን አውጥቶ ስማቸውን ጠየቀ። ፋጡማ ዩሱፍ። ጽፎ አሳያቸው፤ ማንበብ ባይችሉም ጎንበስ ብለው በደንብ አዩት። ደብተሩን ሲያጥፍ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ከሦስት ወር በኋላ ለአስተዳደሩ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፤ ስለ ጉድጓዱና ስለ ወይዘሮ ፋጡማ ዩሱፍ ጤንነት። መልሱን ፓርላማችን ውስጥ አነበዋለሁ፤ ሁለቱንም።» ጓድ በላቸው በግማሽ ፊቱ ፈገግ አለ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ «በጣም ደግ ሰው ነህ» አልኩት። ሩሎፍ ሳቀ። «ደግ አይደለሁም፤ ፖለቲከኛ ነኝ። እጇን እንድታነሳ ያደረግኩት እኔ ነኝ። እጇን አስነስቼ ብሄድ ኖሮ ወንጀለኛ ነበርኩ። ስሙ ሩቅ አገር የተጻፈ ሰው በቀላሉ አይጠፋም፤ ይህንን የተማርኩት በሥራዬ ነው።» ከዚያ በመስኮቱ ወደ ማሽላው ዞረ። እኔ ግን ዓይኔን ከሱ ላይ መንቀል አልቻልኩም። የፖለቲካ ሥራ ማለት ለሰው መጠንቀቅም ሊሆን እንደሚችል ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

አሁን የማፍርበትን ልጻፍ። በማግስቱ ጓድ በላቸው ቢሮው አስጠራኝ። ቃለ ጉባኤው ወደ በላይ አካል የሚሄድ ስለሆነ ጠራ ማለት አለበት አለኝ። አልጮኸብኝም፤ ወንበርም ሰጥቶኛል። «እንደተለመደው አድርገሽ ገልብጪው፤ አንቺም እኔም ከጣጣ እንድናለን» አለ። ስለ እኔ ጤንነት ሊጠይቅ ብሎ ግን በሩቅ አገር ስሜን የጻፈ ሰው አልነበረም። ተቀመጥኩና ገለበጥኩት። «ቦታው በሙሉ ድምፅ ተመርጧል» ብዬ በዚያ ልጆች ባስተማርኩበት ጥሩ የእጅ ጽሕፈቴ ጻፍኩ፤ ከሥሩም ጸሐፊ ብዬ ፈረምኩ። የአደ ፋጡማን ቃል የያዘው የመጀመሪያው ወረቀት ተቀደደ። ትናንት «አንድ ተቃውሞ» ያልኩት እኔው ዛሬ ይህንን እንዳደረግኩ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለባለቤቴም ጭምር።

የእንግሊዝኛው ቅጂ ግን በሩሎፍ ቦርሳ ውስጥ ሄዷል።

በበጋው መሀል የቁፋሮው መኪና መጣ። ባንዲራው አጠገብ ቀን በቀን ሲያጓራ ሰነበተ፤ የሚወጣው ነጭ የድንጋይ ዱቄት ብቻ ነው። አንድ ቀን የቁፋሮው ኃላፊ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ቆዳው በፀሐይ የተላጠ መሐንዲስ፣ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ ከክፍል አስወጣኝ። በእጁ የያዘውን አየሁት፤ የራሴ እንግሊዝኛ ነው። ሩሎፍ ቅጂውን ለቆፋሪዎቹ ልኮላቸው ኖሯል። «እዚህ ላይ ስለ አንድ ጎድጓዳ ተጽፏል። ወይዘሮ ፋጡማ ዩሱፍን ታውቂያቸዋለሽ?» አለኝ።

አብሬው ሄድኩ። አደ ፋጡማ ከዘራቸውን ይዘው ከፊት ከፊት ወረዱ፤ መሐንዲሱ፣ እኔ፣ ሐጂ አህመድና ግማሽ መንደር ተከተልናቸው። ሣሩ እስከ ቁርጭምጭሚት በሚደርስበት ቦታ ቆሙና ከዘራቸውን መሬቱ ላይ ተከሉ። «እዚህ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ማሽኑ ወርዶ በሁለተኛው ቀን መጀመሪያ ጭቃ፣ ከዚያ የደፈረሰ፣ አመሻሽ ላይ የጠራ ውኃ ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። እሳቸው እልል አላሉም። ጎንበስ ብለው በዚያ ውኃ ዉዱእ አደረጉ፤ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው፣ እግራቸውን ታጠቡና ሣሩ ላይ ሁለት ረከዓ ሰገዱ። ያቺን የተነሳች እጅ ስትታጠብ ቆሜ አየኋት። አለቀስኩ፤ ከፊሉ ለውኃው ነበር፣ ከፊሉ ለቀደድኩት ወረቀት።

ጓድ በላቸው ወደ በላይ በላከው ሪፖርት ላይ ቦታው የተቀየረው በሕዝቡ ሙሉ ስምምነት ነው። ይህንን እንኳን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም።

ደብዳቤውም በተባለው ጊዜ ደረሰ። ጓድ በላቸው ራሱ እየሮጠ ወደ ሱቃችን መጣ። ከዚያ በፊት ግን ሰው ልኮ አደ ፋጡማ ጉንፋን እንደያዛቸው ሰምቶ፣ ከጤና ጣቢያ መድኃኒት አስልኮላቸዋል። «በሙሉ ጤንነት ላይ ይገኛሉ ብለሽ ጻፊ፤ ጉንፋኑ እስኪለቃቸው ሁለት ቀን እንጠብቅ» አለኝ። ጠበቅን። አደ ፋጡማ ኋላ ከተማ ሲመጡ በረንዳችን ላይ ተቀምጠው «ሙኒራ፣ ባሌ በሕይወት ሳለ እንኳን ጤናዬን እንዲህ የጠየቀኝ የለም» እያሉ በሳቅ ይፈርሱ ነበር። መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ ደብዳቤው አልፎ አልፎ ይመጣ ነበር፤ ጓድ በላቸው ሲቀየር የተካው ሰውም ያንኑ ጥያቄ ሲያነብ ግራ እየገባው ጤናቸውን ያስጠይቅ ነበር። አሁን እሳቸውም የሉም። ጉድጓዱ አለ፤ ፓምፑ ሁለት ሦስት ጊዜ ተቀይሯል።

ይህንን ሁሉ ለሐናን ስነግራት ሻይዋ ቀዘቀዘ። «አክስቴ፣ እዚህ ገጽ ላይ እኮ ማንም ሰው መጨመር ይችላል» አለችና ጣቶቿ መሮጥ ጀመሩ። ብዙም ሳትቆይ ቀና አለች። «ማስረጃ ይጠይቃል። የተጻፈ ነገር አለ?»

እንግሊዝኛው የት እንደገባ አላውቅም። የአማርኛው፣ አይጥና ዝናብ ካልጨረሰው፣ ከአንድ የቢሮ መዝገብ ውስጥ ይገኝ ይሆናል። የሚያነበው ሰው የሚያገኘው የእኔን ጥሩ የእጅ ጽሕፈት ነው፤ በዚያ ቀን ማንም አልተቃወመም ይላል። ሩሎፍ «ተሳስቼ ነበር» ለማለት አንድ የምርጫ ዘመን ፈጀበት፤ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ፈጀብኝ። «ቆይ፣ ስልኩን ተይው» አልኳትና ወረቀትና ብዕር አምጪልኝ አልኳት። እጄ እንደ ድሮው አይታዘዝም፤ ቢሆንም ቀስ እያልኩ፣ ያኔ መጻፍ እንደነበረብኝ አድርጌ ጻፍኩት።

የደገፉ፦ የቀሩት ሁሉ። የተቃወመ፦ አንድ። ስም፦ ፋጡማ ዩሱፍ። ምክንያት፦ ውኃው ታች ነው። ጸሐፊ፦ ሙኒራ።